ሦስቱ አገሮችና አንዱ ወንዝ

በጎጃም ምድር አንድ ወንዝ የሚጠጡ ሦስት አገሮች ነበሩ። ወንዙ ጨሞጋ ነው፤ ከጮቄ ተራራ ይነሣል፣ ደብረ ማርቆስን ታክኮ ያልፋል፣ ከዚያም ቁልቁል ወርዶ ዓባይ በረሃ ይገባል። ወንዙም ተራራውም እውነተኛ ናቸው። ሦስቱ አገሮችና ሰዎቻቸው ግን ለምሳሌ የተነገሩ ናቸውና ስም አልተሰጣቸውም፤ በጮቄ ዙሪያ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ቀበሌ ስም ሊያወጣላቸው ይችላል።

ላይኛው አገር ደጋ ነበር። ጅብራ የሚቆምበት፣ አስታና ጓሳ የሚበቅልበት፣ ሰው በገብስ፣ በድንችና በበግ የሚኖርበት ቀዝቃዛ ምድር ነው። መካከለኛው አገር ወይና ደጋ ነበር፤ አፈሩ ቀይ፣ ጤፍና ስንዴው የታወቀ፣ ገበያው ደብረ ማርቆስ። ታችኛው አገር ቆላ ነበር፤ ማሽላ ይዘራል፣ ፍየል ያረባል፣ በበጋ ደግሞ ወንዙን ጠልፎ ሽንኩርት ያለማል።

የላይኞቹ ቤተሰብ እየበዛ ሲሄድ መሬት ጠበባቸው። ማረሻውም በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ወደ ተራራው ወጣ። አስታው ለማገዶ ተቆረጠ፤ ጓሳው ተግጦ አለቀ፤ በሬ ተንሸራቶ የሚወድቅበት ዳገት ሳይቀር ታረሰ። መካከለኞቹ በበኩላቸው ክረምት በገባ ቁጥር በማሳቸው ላይ ፈሰስ ያወጣሉ። ፈሰስ ትርፍ ውሃ ዘሩንና አፈሩን ጠርጎ እንዳይሄድ ገበሬው በማረሻ ሰያፍ አድርጎ የሚቀድደው ቦይ ነው። ለባለማሳው ደግ ነገር ነው። ችግሩ ያለው ጫፉ ላይ ነው፤ የፈሰሱ ጫፍ የሚያበቃው በጎረቤት ማሳ ነውና። ጎረቤትም የራሱን ፈሰስ አውጥቶ የመጣበትን ውሃ ከነመከራው ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። ታችኞቹ ደግሞ የወንዙን ዳር የያዘውን ዛፍ እየቆረጡ ከሰል አክስለው ይሸጡ ነበር፤ በበጋ ውሃው ሲያንስ ግን ጥፋቱን ሁሉ ከላይ ባሉት ላይ ይጥሉታል።

አንድ ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ባደረው ዝናብ የሁሉም ፈሰስ አንድ ላይ ገጠመ። ሲነጋ በመካከለኛው አገር የምትኖር የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ማሳ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ሰው ቢገባበት የማይታይ ቦረቦር ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ደግሞ የወንዙ ውሃ ቆላ ሳይደርስ ቀረ። የታችኞቹ ሽንኩርት እመደቡ ላይ ጠወለገ። ጎረምሶቻቸው ዱላ ይዘው ሌሊት ወጡና መካከለኞቹ ወንዙን የጠለፉበትን የድንጋይ ካብ አፈረሱት። በማግሥቱ ጠብ ተነሣ፤ ሰው ተፈነከተ። ሞት ሳይመጣ ሽማግሌ ገባ።

የሦስቱ አገር ሰው ከወርካ ሥር ተቀመጠ። ከቆላ የመጣው ወጣት ቀድሞ ተነሣና፣ «ውሃችንን ሰረቁን» አለ።

ከወይና ደጋው ወገን አንድ ባለጸጋ ገበሬ፣ «ሌባ ሳንሆን ተበዳዮች ነን። ጎርፉን የሚለቁብን ላይኞቹ ናቸው፤ ተራራውን ራቁቱን አስቀሩት» ሲል መለሰ።

የደጋው ሽማግሌ ደግሞ፣ «ዝናቡን የሚያዘንበው እግዜር ነው። ቁልቁል የሚሮጥ ውሃ በየትኛው እጃችን እንያዘው?» አሉ።

ክርክሩ ሲከር፣ ማሳዋ የተሰነጠቀባት ሴት ለመናገር ፈቃድ ጠየቀች። «አባቶቼ፣ እዚህ የተቀመጣችሁ ሁሉ ውሃ ከማሳችሁ ታስወጣላችሁ። ከየት እንደምታስወጡት ታውቃላችሁ። የት እንደሚደርስ ወርዶ ያየ ማነው?»

መልስ የሰጠ አልነበረም።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «ዛሬ አንፈርድም» አሉ። «ከየአገሩ አንድ ሰው ይውጣ። ሦስታችሁ ከወንዙ ታች ጀምራችሁ እስከ ተራራው ራስ በእግራችሁ ሂዱ። አንዱ በሌላው ቤት ይደር፤ የቤቱ ሰው የሚበላውን ይብላ። ያያችሁትን ይዛችሁ ስትመለሱ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

የተላኩትም እነዚያው ሲከራከሩ የነበሩት ሦስቱ ሆኑ፤ የደጋው ሽማግሌ፣ የወይና ደጋው ባለጸጋና የቆላው ወጣት።

መጀመሪያ ወደ ቆላ ወረዱ። ወጣቱ ወንዙ ለጥ ብሎ ወደሚሰፋበት ቦታ ወሰዳቸውና ክረምት የተወውን ደለል በዶማ ቆፍሮ አሳያቸው። ደለሉ እንደተነባበረ ነበር፤ አንዱ ንብብር ቀይ፣ ሌላው ጥቁር። የደጋው ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ከጥቁሩ አፈር ጥቂት አነሡና በጣታቸው አሹት። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጦ ነበር።

«ይህ የገብስ ማሳዬ አፈር ነው። አባቴ ያወረሱኝ መሬት እዚህ በረሃ ወርዶ ተኝቷል» አሉ። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል እሰማ ነበር። ለካ ይዞት የሚዞረው ግንድ ብቻ አልነበረም።»

ባለጸጋው ቀዩን አፈር እያየ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያም፣ «ጤፌ ዓመት ዓመት እያነሰ ሲመጣ ጥፋቱን የማዳበሪያው አድርጌው ነበር» አለ።

ሽማግሌው ወደ ወጣቱ ዞረው፣ «ልጄ፣ ይህን ዳር ይዞት የነበረው ዛፍስ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁት። ወጣቱ አንገቱን ደፋ። መልሱን የወንዙ ገደል ራሱ ይናገር ነበር፤ ሥር የሚይዘው አጥቶ በየክረምቱ እየተናደ የሽንኩርቱን መደብ ይበላዋል።

በሁለተኛው ቀን ወደ መካከለኛው አገር ወጡ። ባለጸጋው ቤት እንጀራው በወጥ ጠግቦ ቀረበ፤ ጠላም ተቀዳ። ከዚያ በፊት ግን የሴቲቱን ቦረቦር ከግርጌው እስከ ራስጌው ተከትለውት ነበር። ቦረቦሩ ወደ ላይ ሲሄድ ወደ ብዙ ቅርንጫፍ ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ቅርንጫፍ በአንድ ሰው ፈሰስ ጫፍ ያበቃል። ትልቁ ቅርንጫፍ የሚያበቃው ባለጸጋው ማሳ ላይ ነበር። ማንም አንዳች አልተናገረውም። ማታ መሶቡ ሲከፈት ግን እጁን ሳይሰድ ተነሣና ሴቲቱን ከቤቷ ጠርቶ አስገባት፤ አብራ እንድትቆርስም ለመናት።

በሦስተኛው ቀን ተራራውን ወጡ። ሌሊት ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባ ነበር። የቆላው ወጣት በተደራረበ ጋቢ ውስጥ ሆኖ እንቅልፍ አጣ። እራት የተቀቀለ ድንች ነበር። ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው፤ ለማሳው ማዳበሪያ ሊሆን የሚገባው ፍግ እሳት ላይ ያልቃል፤ የሚቆረጥ ዛፍ የለምና። ሲነጋ ወጣቱ የተራቆተውን ዳገት አየና፣ «ነገሩ ግልጽ ነው። ተራራው ይከለል! አይታረስ፤ ከብትም አይግባበት» አለ።

የቤቱ እመቤት ቆሎ ይዛ ስትቀርብ ሰማችው። «ደግ ብለሃል ልጄ፤ ይከለል» አለችው። «ውሃው ወደ እናንተ ይወርዳል፤ ሽንኩርታችሁ ይለመልማል። ግን በዚያ ዓመት ልጆቼ ምን ይበላሉ? ለእኛስ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ አይሆንብንም?»

ወጣቱ የሚመልሰው አጣ። ውሃ ተሰረቅሁ ብሎ ከቤቱ የወጣ ሰው ነበር። ከእሷ ፊት ሲቆም ግን ሌላ ሒሳብ ታየው። ውሃውን ዕድሜ ልኩን በነጻ የተጠቀመው እሱ ነው፤ አሁን ደግሞ ተራራውን በነጻ ጠብቁልኝ እያለ ነው።

ሦስቱ ተመልሰው ከወርካው ሥር ሲቆሙ አንዱ ሌላውን አልከሰሰም። እያንዳንዱ የራሱን አገር ጥፋትና የሌላውን አገር ችግር ተናገረ። ሸንጎውም በዚያ ላይ ተመርኩዞ ውል አሰረ።

ላይኞቹ በድንጋይ ምልክት ከተደረገበት በላይ ያለውን ዳገት ማረስ ይተዋሉ። ከብትም አይለቁበትም፤ ሣሩን ግን እየተሻሙ ሳይሆን በተራና በልክ እያጨዱ ይወስዳሉ። መካከለኞቹ በማሳቸው እርከን ይሠራሉ፤ ፈሰሱም በጎረቤት ላይ መለቀቁ ቀርቶ ሣር በተተከለበት በአንድ የጋራ መፋሰሻ ይወርዳል፤ ቦረቦሩ በድንጋይ ክትር ይታሰራል። ታችኞቹ ከሰሉን ትተው የወንዙን ዳር ዛፍ ያለብሱታል። የውሃው ተራ ለሦስቱም የታመነ እንዲሆን ከየአገሩ አንድ የውሃ አባት ይመረጣል።

ውሉን ከሌላው ውል የለየው የሚቀጥለው ቃል ነው። ተራራው እስኪያገግም ድረስ ታችኞቹ ከመስኖ ምርታቸው፣ መካከለኞቹም ከጤፋቸው፣ ማሳቸውን ለተዉት ላይኞች በየዓመቱ ድርሻ ይልካሉ። ጥር ላይም እህል ሲገባ የሁለቱ አገር ጎልማሶች በጅጌ ተራራውን ወጥተው እርከንና ችግኝ ላይ ይሠራሉ። ሰብሳቢው ምክንያቱን በአጭሩ ተናገሩ፤ «ውሃ በራሱ ይወርዳል። ጥቅም ግን ሰው ካላወጣው ወደ ላይ አይወጣም።»

ውሉ ሊታተም ሲል ያቺው ሴት፣ «አንድ ቃል ይጨመር» አለች። «በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት እዚሁ እንገናኝ። ዓመቱ ደግ ቢሆን ክፉ፣ ብንዋደድ ብንጣላ፣ አንቅር። ተበደልሁ የሚል ሰው ከብቱን ከመንዳቱ፣ ዱላውን ከማንሣቱ በፊት እዚህ መጥቶ ይናገር።»

አንዱ ሳቀና፣ «ከተጣላን በኋላ ምን ሊያገናኘን?» አላት።

«ሳትጣሉማ ለመገናኘት ውል ምን ያስፈልጋችኋል?» አለችው። ቃሉም ተጨመረ።

ሁለት ዓመት ደህና አለፈ። በሦስተኛው ዓመት ቆላው ላይ ዝናብ ጠፋ፤ ከታች የሚላከው ድርሻ ሳይመጣ ቀረ። የደጋው ጎረምሶች፣ «ውሉን ያፈረሱት እነሱ ናቸው» ብለው በጎቻቸውን ወደ ተከለለው ሣር ሊነዱ ተነሡ። ሽማግሌው በምልክቱ ድንጋይ ላይ ቆመው፣ «ልጆቼ፣ ጥምቀት ሊደርስ ነው። ሣሩ የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ ሄደን እንስማቸው» አሏቸው።

በቀኑ ሁሉም መጣ። የቆላው ወጣት ማንም ሳይጠይቀው ተነሣ። «የምንሰጠው እህል የለንም። አፍረን ልንቀርም አስበን ነበር፤ ግን መቅረት በውሉ ተከልክሏል። ጎልማሶቻችን መጥተዋል፤ ከሌላው ዓመት እጥፍ ቀን ይሠራሉ። የጎደለው እህል ዕዳ ሆኖ ይጻፍብን» አለ። ዕዳው ተጻፈ። ባለጸጋውና ጎረቤቶቹ ከጎተራቸው ለላይኞቹ አበደሩላቸው። በጎቹም ወደ በረታቸው ተመለሱ።

ምንጩ በአንድ ክረምት አልተመለሰም። መጀመሪያ የተመለሰው ሣሩ ነበር፤ ላይኞቹ ያንን እያጨዱ በግ ማድለብ ጀመሩ፤ ከዳገቱ ገብስ ያገኙት ከነበረውም የበለጠ አገኙ። ቀስ በቀስ የክረምቱ ውሃ ጠርቶ መውረድ ጀመረ። ከዓመታት በኋላ ወንዙ የካቲት ላይ ቀጥኖም ቢሆን ቆላ ደረሰ። የሴቲቱ ማሳ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ የሄደ አፈር ሄዷል። የቦረቦሩ ወለል ሣር አብቅሎላት ላም ታረባበት ነበር።

ምሳሌው እዚህ ያበቃል። ጮቄ ግን ዛሬም አለ፤ ጥያቄውም እንዳለ ነው።

ጮቄ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ከ270 በላይ ምንጮች እንዳሉት ይነገራል። ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫ ከዚህ ተነሥተው ዓባይ ይገባሉ። ተራራውን ስናን፣ ቢቡኝ፣ ማቻከል፣ ደባይ ጥላትግን፣ ሁለት እጁ እነሴና ሌሎች ወረዳዎች ይጋሩታል። መሬቱን በወረዳ ከፋፍለነዋል፤ ውሃው ግን ወሰናችንን አያውቅም። አንዱ ወረዳ እርከን ሠርቶ ሌላው ከበላዩ ዳገት ቢያርስ የመጀመሪያው ልፋት በጎርፍ ይሄዳል። በየዓመቱ በበጋ ገበሬው ለተፋሰስ ሥራ በዘመቻ ይወጣል፤ ካብ ይክባል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል። ከብት ከተለቀቀበት፣ ባለማሳውም ከሥራው ድርሻ ካላየ፣ ያ ሁሉ ካብ በጥቂት ክረምት ይናዳል። የሚጠብቀው ሰው ያጣ ካብ አይቆይም።

የጋራ መሬትን ጠብቆ ማቆየት እንደሚቻል አገራችን ምስክር አላት። የመንዝ ሰው የጓሳን ምድር በራሱ የጋራ ሕግ ለዓመታት እየዘጋ፣ ሲደርስ እየከፈተ ለዘመናት ጠብቆ ኖሯል። እዚሁ ጎጃም፣ ደንበጫ አካባቢ በምትገኘው አንጀኒ በ1976 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ተጀመረ። እዚያ የተሞከረው፣ አፈሩን ወደ ላይ እየወረወሩ የሚሠሩት «ፋኛ ጁ» የተባለው እርከን የተገኘው ከኬንያ ገበሬዎች ምድር ነው። የጎጃምን ቀይ አፈር ለማቆየት የጎረቤት አገር ዕውቀት ተሰንቆ መጣ ማለት ነው። ትብብር ስንል እንዲህ ያለው ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ሥራ ነው።

ዓባይ ከእኛ አልፎ ሲሄድም ነገሩ ያው ነው። በሱዳን የሮሰይረስ ግድብ በ1966 እ.ኤ.አ. ከተጠናቀቀ ወዲህ ውሃ የሚይዝበትን ብዙ ቦታ ደለል ወስዶበታል። ደለሉ ከእኛ ደጋዎች የታጠበ አፈር ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድባችን 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ሕዝቡ ከኪሱ አዋጥቶ የሠራው ግድብ ዕድሜው የሚረዝመው ጮቄ ላይ ያለው ገበሬ አፈሩን ሲይዝ ነው። ታዲያ ያ ገበሬ ከግድቡ በረከት ድርሻው ምንድን ነው? መብራቱ ደጁ ደርሷል? ዳገቱን በተወበት ዓመት ለልጆቹ የሚሆን እህል ማን ላከለት? የደጋዋ እመቤት የጠየቀችው ይህንኑ ነበር፤ መልስ የሚጠበቅብንም እኛ ነን።

የናይል ተፋሰስ አገሮችም በ1991 ዓ.ም. ዳሬሰላም ላይ የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭን መሠረቱ። በ2002 ዓ.ም. ኢንቴቤ ላይ ለፊርማ የቀረበው የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ኢትዮጵያን ጨምሮ ስድስት አገሮች ካጸደቁት በኋላ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ግብፅና ሱዳን አልፈረሙትም። ክርክሩ ገና ረጅም ነው። ቢሆንም የመገናኛው ቦታ መፍረስ የለበትም። የሚስማሙ ሰዎች ያለ ሸንጎም ይኖራሉ፤ ሸንጎ የሚያስፈልገው ለሚጣሉ ነው።

ስለዚህ የጮቄን ወረዳዎች የምታስተዳድሩ፣ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተራራውን የምታጠኑ፣ በአዲስ አበባ ስለ ዓባይ የምትደራደሩ፣ በየቀበሌው የተፋሰስ ኮሚቴ ሆናችሁ የምትለፉ ወገኖቼ፣ የሦስቱ አገሮች ውል የተሠራበትን ሦስት ነገር ያዙ። ከመፍረዳችሁ በፊት ወንዙን በእግራችሁ ሂዱበት፤ ውሃችሁ የሚደርስበትንም፣ የሚነሣበትንም ሰው ቤት እዩ። ተራራውን ለሚጠብቀው ገበሬ ድርሻውን በምስጋና ብቻ ሳይሆን በእህል፣ በመኖ፣ በመብራትና በጉልበት ክፈሉት። የምትገናኙበትን ቀን ቁረጡ፤ በተጣላችሁበት ዓመት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አትቅሩ። ከታች ሆኖ ውሃ የሚፈልግ ከላይ ያለውን ሰው ያብላ፤ ከላይ ሆኖ ፍትሕ የሚፈልግም ከታች ያለውን ሰው ያስብ። አንዱ ይህን ሲያደርግ ሌላው ዝም ብሎ ካየ ውሉ ይፈርሳል፤ ሁለቱ ካደረጉት ግን አፈሩም ውሃውም ለልጆቻችን ይተርፋል።